ከሁለታችን ያገባችው ማናት?

ጥያቄው የመጣው ከአዘዞ ነው። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ከሁለት ዓመት በፊት በጥር ወር ነው የተዳርኩት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ መጥቶ፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ሦስት መቶ ሰው በልቶ ጠጥቶ ነው ከአባቴ ቤት የወጣሁት። ቀበሌ ሄደን ግን አልፈረምንም። ባለቤቴ ባጃጅ ይሠራል። ከተጋባን በኋላ አብረን ቆጥበን ሁለተኛ ባጃጅ ገዛን፤ ሊብሬው በሱ ስም ነው። ሰሞኑን ከወንድሙ ጋር ተጋጨንና ‹አንቺ ምን ወረቀት አለሽ? ሠርግ እንጂ ጋብቻ የለሽም› አለኝ። ታናሽ እህቴ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ናት። እጮኛዋ የሚሠራው መተማ ነው። ለአንድ ሳምንት መጥቶ ተፈራርመው ተመለሰ። ድግስ የለ፣ ሚዜ የለ። እናቴ እስከ ዛሬ ‹ይቺ ልጄ አላገባችም› ትላለች፤ ልጁንም አማቼ ብላ አታውቅም። ለመሆኑ ከሁለታችን ያገባችው ማናት?»

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንዳይልሽ። መጀመሪያ ይሄን ልንገርሽና እፎይ በይ፦ ሁለታችሁም አግብታችኋል። የባልሽ ወንድም ተሳስቷል። እናትሽም፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ተሳስተዋል። የሚገርመኝ የሁለቱ ስሕተት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። እሱ ጋብቻን ወረቀት አደረገው፣ እሳቸው ደግሞ ድንኳን አደረጉት።

ሥራዬ ጥብቅና ነው። እዚሁ ጎንደር የቤተሰብ ክርክር ይዤ ፍርድ ቤት ስመላለስ ዘመን አልፎኛል። ከማያቸው ጭቅጭቆች ብዙዎቹ የሚነሱት ሦስት ቃል ከማምታታት ነው፤ ሠርግ፣ ጋብቻ፣ ትዳር። ቡና እየጠጣን ስናወራ አንዱን ባንዱ ቦታ ብንጠራው ማንም አይጎዳም። ዳኛ ፊት ሲቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እስኪ ቃላቱን ራሳቸውን እያቸው። ጋብቻ ከመጋባት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ የሚያደርጉት ነገር። ትዳር ከመዳር ይምጣ እንጂ ዛሬ ትዳር ስንል ቤቱን፣ ምጣዱን፣ ልጁን፣ የወር ወጪውን ሁሉ ነው። «ትዳሩን በተነ» ሲባል ድንኳኑን ነቀለ ማለት አይደለም። ሠርግ ድግሱ ነው። ድግሱን ደግሞ የሚደግሰው ወላጅ ነው። የጥሪ ወረቀቱን አውጥተሽ አንብቢው፤ እንግዳውን የሚጠሩት አባትና እናት ናቸው፣ ሙሽሮቹ ስማቸው ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሠርጉ በአብዛኛው የወላጆችሽ ነበር። ጋብቻው ያንቺና የባልሽ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ይባላል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ጎንደር ላይ የሚሠራው የክልሉ ነው። ለጥያቄሽ የሚያስፈልገው ዋናው ነገር በሁለቱም ያው ነው። የብርና የጊዜ ልክ ስጠቅስ ግን ከፌዴራሉ እየወሰድኩ መሆኑን እዚያው እነግርሻለሁ።

ጋብቻ የሚፈጸምባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው፤ በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻ በሚመዘግበው ሹም) ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት፣ በባህል ሥርዓት። ይሄ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሦስቱን ያውቃቸው ነበር። ሦስቱም እኩል ናቸው፤ አንዱ ዋና ሌላው ቅጥያ የሚባል ነገር የለም። እህትሽ በመጀመሪያው አገባች። አንቺ በሦስተኛው።

ሕጉ የባህል ጋብቻ ተፈጸመ የሚለው፣ ተጋቢዎቹ በሚኖሩበት ማኅበረሰብ ወይም በሁለቱ ወይም በአንዳቸው ባህል ጋብቻ ያስገኛል የሚባለውን ሥርዓት ሲፈጽሙ ነው። እዚህች ላይ ትንሽ ልቆይ። «ጋብቻ ያስገኛል የሚባለው ሥርዓት።» ጎንደር ላይ ያ ሥርዓት የትኛው ነው? ድንኳኑ ነው? ቪዲዮ ቀራጩ ነው? ጃንተከል ዋርካው ሥር የተነሳችሁት ፎቶ ነው?

አንድ የገጠመኝን ልንገርሽ። ደንበኛዬ ጋብቻዋን በምስክር ልታስረዳ ነው። ሰውየው ክዷል። «ቤቴ ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ነበረች» ብሎ መልስ ሰጥቷል። (ይሄ ስንቴ እንደሚባል ብነግርሽ ታዝኛለሽ።) የመጀመሪያው ምስክራችን ሞቅ ያሉ ሰው ናቸው። ዳኛዋ «ስለ ጋብቻው ምን ያውቃሉ?» አሏቸው። «እንዴት አላውቅም! ቁርጡ ቢሉ፣ ጠጁ ቢሉ፣ አዝማሪው ቢሉ! እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ስጨፍር ነው ያመሸሁት» አሉ። ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛዋ ቀጠሉ። «ሽማግሌ ሆኖ የሄደው ማን ነበር? ልጅቷን ማን ዳራት?» «እሱን እንኳ አላውቅም፤ እኔን የጠራኝ የሙሽራው አጎት ነው።»

እኔ ወንበሬ ላይ ላብ አጠመቀኝ።

ሁለተኛዋ ምስክር ለሠርጉ ጠላ የጠመቁ እናት ናቸው። የሠርጉን ዕለት ጓዳ ስለዋሉ ጭፈራውን አላዩም፤ ሙሽራዋ የለበሰችውንም ቀሚስ አያስታውሱም። ግን ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እዚያው ቤት ነበሩ። የልጅቷ አባት ሁለት ጊዜ መልሰዋቸው በሦስተኛው እሺ ሲሉ ሰምተዋል። «ልጄ፣ ወደሽዋል?» ብለው ሲጠይቋት፣ እሷም አንገቷን ደፍታ እሺ ስትል አይተዋል። ሁለቱ ወገኖች ምን ምን እንደሚሰጡ ተነጋግረው ውል ሲጻፍ ቡና ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ አጥር ለአጥር ጎረቤት ሆነው ኖረዋል፤ እሱ «ባለቤቴ» እያለ ሲጠራት፣ ልቅሶ አብረው ሲደርሱ። የረታነው በሳቸው ምስክርነት ነው።

አየሽ፣ ጋብቻው ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ሠርጉ ድንኳን ውስጥ። ሥርዓቱ ማለት የሽማግሌው መላክ፣ የወላጅ እሺታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተጋቢዎቹ ፈቃድ፣ ስምምነቱና ርክክቡ ነው። ድንኳኑ ይሄ ሁሉ መሆኑን ለአገር የሚያሳውቅ ነው። ድንኳን ባይኖር ጋብቻው አይቀርም። ጓዳው ውስጥ ያለው ባይኖር ግን ሦስት መቶ ሰው በላ እንጂ ማንም አላገባም።

የጎንደር አሮጌ ሰው ይሄን ልዩነት ከኛ ይልቅ ያውቀዋል። ድሮ «አገባ» ብቻ ተብሎ ነገሩ አያበቃም፤ «በምን አገባ?» ተብሎ ይጠየቃል። በሰማንያ ነው? በቁርባን ነው? በደሞዝ ነው? ሰማንያ በሽማግሌና በዋስ የሚታሰር ውል ነበር፤ ሀብት ተቆጥሮ የሚገባበት፣ ካልሆነም ሀብት ተካፍሎ የሚወጣበት። ደሞዝ በክፍያ የሚያዝ ላላ ያለ ኑሮ ነው። ቁርባን ግን በቤተ ክርስቲያን፣ በሥጋ ወደሙ የሚታተም ስለሆነ እንደዋዛ አይፈታም። ለዚህም ነው ብዙው ሰው ወደ ቁርባን የማይቸኩለው። ይደገሳል፣ ይጋባሉ፣ በሰማንያ ይኖራሉ። ልጅ ይወለዳል፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። መቁረብ የሚመጣው ሁለቱ በእርግጥ እንደማይለያዩ ካወቁ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በእርጅና ነው።

የኔ አያቶች ደምቢያ እንዲህ ነው የኖሩት። አርባ ዓመት በሰማንያ ኖረው፣ ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት ቆረቡ። ድንኳን የለ፣ ሚዜ የለ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በእግራቸው ሄዱ፣ በእግራቸው ተመለሱ። አያቴ ቡና እያፈላች ባሏን ቀና ብላ አየችውና «እንግዲህ አሁን መሸሻ የለህም» አለችው። እሱም «አርባ ዓመት ሙሉ መንገዱን ስፈልግ ነበር» አላት። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ለምን እንደዚያ እንደሳቁ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ዛሬ ሁሉንም በአንድ ቀን አጭቀነዋል። ጥምቀት በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይከበራል፣ ከውጭ የመጣው ዘመድ ገና አልተመለሰም፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ በቀሩት ሳምንታት ከተማው በሠርግ ይጥለቀለቃል። ያ ካለፈ እስከ ፋሲካ ማግስት መጠበቅ ነው። እንደዚህ በጥድፊያ ጠዋት ተክሊል፣ ቀን ድግስ፣ ከሰዓት ፎቶ፣ ማታ ጭፈራ፣ በነጋታው መልስ ይሆናል። ፊርማውም ቢቻል በዚሁ መሐል ይገባል፤ ካልተቻለ «በኋላ እንሄዳለን» ይባላል። ሁሉም ነገር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን የትኛው የትኛውን እንዳደረገ ማን ይለየው? ባልሽ፣ ወንድሙ፣ እናትሽ፣ ሁላቸውም ግራ ቢገባቸው አልፈርድባቸውም።

ተክሊል ካልሽ፣ በቤተ ክርስቲያን ተከልሎ የቆረበ ሰው በሕጉም በሃይማኖት ሥርዓት አግብቷል፤ ሌላ ጋብቻ መፈጸም አይጠበቅበትም። አዲስ ዓለም ሠፈር ኒካሕ፣ ማለትም የእስልምናውን ጋብቻ፣ ያሰረውም እንደዚያው ነው። ወሊው (የሙሽራዋ ወኪል)፣ ምስክሮቹ፣ መህሩ (ለሙሽራዋ የሚሰጠው)፣ የሁለቱ ፈቃድ ከተሟላ ድግሱ ሌላ ቀን ቢሆን ወይም ጭራሽ ባይደረግ ኒካሑን አይነካውም። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሠርግና ጋብቻን ከኛ የተሻለ ለይተው የያዙት ይመስለኛል፤ ኒካሑ ቀደም ብሎ ታስሮ ሠርጉ ከወራት በኋላ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ታዲያ ወረቀቱ ምንድነው? ወረቀቱ ማስረጃ ነው። በ2004 የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ፣ ቁጥር 760፣ ጋብቻ በየትኛውም መንገድ ይፈጸም በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ግዴታ ነው። ግን ልብ በይ፤ አለመመዝገብ ጋብቻን አያፈርስም። ያልተመዘገበ ልጅ አልተወለደም አይባልም አይደል?

የምስክር ወረቀት ከሌለ ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። ስሙም «የትዳር ሁኔታ» ነው። ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ይተያያሉ፣ እንደ ባልና ሚስት ይኖራሉ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱም እንደ ባልና ሚስት ያያቸዋል፤ ይሄ በምስክርና በሌላ ማስረጃ ከታየ ፍርድ ቤቱ ጋብቻ እንዳለ ይገምታል። ቃሉን አስተዋልሽው? የሠርግ ሁኔታ አላለም፣ የትዳር ሁኔታ ነው ያለው። የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ያለ የሁለታችሁ ስም፣ ዕድር ላይ «እሱና ባለቤቱ» ተብሎ የተጻፈው፣ ስትታመሚ ሐኪም ቤት ያስተኛሽ ሰው ማን ተብሎ እንደተመዘገበ፣ ይሄ ሁሉ ከሠርግ ቪዲዮው ይልቅ ይሠራልሻል። ቪዲዮውን አትጣዪው ታዲያ። ሽማግሌዎቹ ከታዩበት ጥሩ ማስረጃ ነው፤ እስክስታው ብቻ ከሆነ ግን አንድ ማስረጃ ነው እንጂ ብዙ አይራመድም።

አሁን ባጃጁ። ባልሽ ከሠርጉ በፊት የነበረው የመጀመሪያው ባጃጅ የግሉ ነው። ሁለተኛው ከተጋባችሁ በኋላ የተገዛ ስለሆነ የጋራችሁ ነው ተብሎ ይገመታል። ሊብሬው በማን ስም ሆነ ለዚህ ግምት ለውጥ አያመጣም፤ የግሌ ነው የሚለው ሰው ነው ማስረዳት ያለበት። ባልሽ «የመጀመሪያውን ሸጬ ነው ሁለተኛውን የገዛሁት» ቢል እንኳ በግል ገንዘብ የተገዛ ነገር የግል የሚሆነው ፍርድ ቤት የግል ይሁን ብሎ ሲያጸድቅለት ነው።

ካላማከረሽ ሊሸጠውም አይገባም። በፌዴራሉ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብር ነበር። ዛሬ በዚያ ሒሳብ የወጥ ድስት ለመሸጥም ሊያማክርሽ ነው። ሳታውቂ ከሸጠ፣ ካወቅሽበት ጊዜ 6 ወር ሳያልፍ ሽያጩ ይፍረስልኝ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ይሄም ከፌዴራሉ ነው። በተግባር ግን እውነቱን ልንገርሽ። ሊብሬው በሱ ስም፣ ጋብቻው ያልተመዘገበ፣ ገዢውም የጋራ መሆኑን ሳያውቅ በቅንነት የገዛ ከሆነ ክርክሩ አድካሚ ነው። መብት ይኖርሻል፤ እሱን ለማስከበር ግን ስንት ቀጠሮ ትመላለሻለሽ። የምዝገባ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ሠርጉ በንብረት በኩል ጨርሶ ከንቱ ነው እንዳትይ ደግሞ። ስጦታ አለ። አባትሽ ላንቺ ብለው የሰጡሽ ወርቅ የግልሽ ነው። ለሁለታችሁ ተብሎ የተሰጠው፣ ፍሪጁ፣ አልጋው፣ ፖስታ ውስጥ የገባው ገንዘብ፣ ሌላ ነገር ካልተባለ የጋራ ነው። ለዚህ ነው ስጦታ የሚመዘግበው ልጅ «ለማን?» ብሎ ቢጠይቅ የምወደው። ማንም አይጠይቅም፤ «ከእትዬ እገሌ፣ ብርድ ልብስ» ተብሎ ይጻፋል በቃ።

ዕዳም አለ። ድንኳኑና ወንበሩ የዕድር ቢሆን እንኳ በሬው ከየት መጣ? ሙሽራው ከሠርጉ በፊት ተበድሮ ከሆነ ዕዳው የራሱ ነው። አባቱ ከተበደሩ የአባቱ ነው። ግን ተጠንቀቂ፤ አበዳሪ መጀመሪያ የተበዳሪውን የግል ንብረት ይጠይቃል፣ እሱ ካልበቃው ወደ ጋራው ንብረት ይመጣል። ሁለተኛዋ ባጃጅ የሠርግሽን ቁርጥ ልትከፍል ትችላለች ማለት ነው። ተጋብተው ዓመት ሳይሞላቸው በሠርግ ብድር የተቆራረጡ ባልና ሚስት ቢሮዬ ድረስ መጥተው ያውቃሉ። ሲጨቃጨቁ ሰምቼ «ማን ይደገስ አለ?» አልኳቸው። ሁለቱም በአንድ ቃል «እናቶቻችን» አሉ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሠርግ ኖሮ ጋብቻ የማይኖርበት ጊዜ በእርግጥ አለ። ልጅቷ ወይም ልጁ 18 ዓመት ካልሞላቸው፣ አንዳቸው ተገደው ከሆነ፣ ወይም ሰውየው ሌላ ያልፈረሰ ጋብቻ ካለው፣ ጭፈራው ሰማይ ቢነካ ያ ጋብቻ ሕግ ፊት አይጸናም። በገጠሩ ማኅበር ነው፣ ክርስትና ነው እየተባለ ልጅ ይዳራል፤ ሁላችንም እናውቃለን። የወንጀል ሕጉ ለዚህ እስራት አለው፤ ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት።

ይሄን ያነሳሁት ስለ ባልሽ ለመጠርጠር አይደለም፤ ግን ጠበቃ ነኝና ልጠይቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልፈረማችሁት ለምንድነው? ብዙውን ጊዜ ስንፍና ነው፤ ቀበሌ ሰልፍ ማን ይቆማል። አንዳንዴ ግን ሌላ ቦታ የተመዘገበ ሚስት ያለው ሰው ነው ነገ ከነገ ወዲያ የሚለው። ሳትቆጪ፣ በደህና ሰዓት፣ እራት እየበላችሁ ጠይቂው። ስንፍና ከሆነ እሺ ብሎ ይሄዳል። ፊቱ ከተለወጠ ያን ጊዜ ተመልሰሽ ጻፊልኝ።

ወደ እናትሽ ልምጣ። እሳቸውን በአንቀጽ ማስረዳት አይቻልም፣ ደግሞም የሕግ ጥያቄ አይደለም የጠየቁት። እናትሽ ሠላሳ ዓመት የሰው ሠርግ በልተዋል። እንጀራ ጋግረው፣ ሽንኩርት ከትፈው፣ ብር ይዘው የሰው ልጅ ሲዳር ቆመዋል። ያ ሁሉ ብድር ነው። ብድሩ የሚመለሰው በልጃቸው ሠርግ ነው። ባንቺ ሠርግ የተወሰነው ተመለሰ፣ በእህትሽ ግን ጎረቤቱ «የት ዳርሻት?» ሲላቸው የሚሉት አጡ። «ይቺ ልጄ አላገባችም» ሲሉ «እኔ አልዳርኳትም» ማለታቸው ነው። ልክ ናቸው፤ አልዳሯትም። እሷ ግን አግብታለች። ሁለቱም እውነት ነው።

ምናልባት ደግሞ የሚያሳዝናቸው አለመከለሏ ከሆነ እሱ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ፊርማው ተክሊልን አይተካም፣ ተክሊልም ገና ሊሆን ይችላል። ከንስሐ አባቷ ጋር ይነጋገሩ። የድግሱን ነገር ግን ልጁ ለፋሲካ ከመተማ ሲመጣ አንድ በግ ታርዶ፣ ጠላ ተጠምቆ፣ የጎረቤት እናቶች ቢጠሩ ይበቃል። ስሙን መልስ በሉት፣ ቅልቅል በሉት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። አማቼ የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ካልወጣ እኔን ውቀሺኝ።

በነገራችን ላይ እንደናንተ ሁለታችሁ ያልሆነ ሦስተኛ ዓይነት ሰውም አለ። ሽማግሌ የለ፣ ፊርማ የለ፣ ቤት ተከራይተው አብረው የሚኖሩ። ሕጉ እነሱንም አልረሳቸውም። በፌዴራሉ ሕግ 3 ዓመት እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ግን ያ ጋብቻ አይደለም፤ ያንቺ ጉዳይ ከዚያ ጋር እንዳይቀላቀል። የባልሽ ወንድም ይሄን ሰምቶ «አብራችሁ ነው የኖራችሁት፣ ሦስት ዓመት ገና አልሞላችሁም» እንዳይልሽ ነው ያነሳሁት።

እንግዲህ ሂዱና ተመዝገቡ። «የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ» እንደሚባለው፣ ሰው የጋብቻ ወረቀት የሚፈልገው ባንክ ብድር ሲጠይቅ፣ ቪዛ ሲያስብ ወይም ባል ሲሞት ነው። ያኔ ምስክር ፍለጋ ይሮጣል። 30 ቀኑ አልፏል ተብላችሁ አትመለሱም፤ ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል። ሁለታችሁ በአካል፣ መታወቂያችሁን፣ ጉርድ ፎቶግራፍና ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ ወደምትኖሩበት ቀበሌ ሂዱ። ምስክር ስትመርጪ ጨፋሪ አትምረጪ። ሽማግሌ የነበሩትን ምረጪ።

እዚያ ስትደርሱ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። መዝጋቢው ቸኩሎ «መጀመሪያ ያላገባ ማስረጃ አምጡ» ሊላችሁ ይችላል። አዲስ ለሚጋባ ሰው ትክክል ነው። አንቺ ግን ከሠርግሽ ሁለት ዓመት በኋላ «አላገባሁም» ብለሽ ብትፈርሚ የራስሽን ጋብቻ በራስሽ እጅ ካድሽ ማለት ነው። «እኛ በባህል የተጋባን ነን፣ የመጣነው ልናስመዘግብ ነው» በይው።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ቅጹ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን አለ፤ የተመዘገበበት ቀን ደግሞ ለብቻው አለ። የመጀመሪያው ቦታ ላይ የዛሬው ቀን ከተጻፈ ባጃጁ ከጋብቻ በፊት የተገዛ መስሎ ቁጭ ይላል፤ የባልሽ ወንድምም የፈለገውን ወረቀት አንቺው ሠርተሽ ሰጠሽው ማለት ነው። እዚያ ላይ መጻፍ ያለበት በጥር ወር የተዳርሽበት ቀን ነው፣ ዓመቱም የሠርግሽ ዓመት። ሳታነቢ አትፈርሚ። ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ የአራቱም ምስክሮች መታወቂያ ጊዜው እንዳላለፈበት እዪ፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬን ከደጅ የመለሳት እሱ ነው።